ከሱሉልታ ሜዳ እስከ አየር ጤና ሰልፍ፦ ማኅበራዊ ሥነ ልቡናን መማር



አንድ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ደውሎ «ሕክምና ደረሰኝ» ሲል ቤት ውስጥ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጎረቤት ይጠራል፣ ቡና ይፈላል፣ ወደ አገር ቤት ስልክ ይደወላል። «ሥነ ልቡና ደረሰኝ» ያለ ዕለት ግን መጀመሪያ ዝምታ ነው፤ ቀጥሎ «ተመርቀህ ምን ልትሆን?» ይመጣል። ሊያጽናና የሚሞክር አጎት ካለ «ግዴለም፣ አማኑኤል ሆስፒታል ይቀጥሩታል» ይላል። የቡራዩ ሰው ከሆነማ ሩቅ ሳይሄድ የገፈርሳውን የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ያነሳል። ሕመም የሚያክመው የሥነ ልቡና ዘርፍ ክብር ያለው ሙያ ነው፤ ባለሙያም ያንሰናል። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን ስለሌላው ዘርፍ ነው፤ ጤነኞች ነን ብለን ጠዋት ከቤት ስለምንወጣው ስለ እኛ። ሰው ብቻውን ሲሆንና በሰው መካከል ሲሆን ለምን ይለያያል? አጠገቡ ማንም ሳይኖር እንኳ «ምን ይሉኛል» የሚለው ሐሳብ እንዴት እጁን ይይዘዋል? ማኅበራዊ ሥነ ልቡና የሚጠይቀው ይህንን ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ይህ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚሰጠው በአመዛኙ ሌላ አገር በተደረጉ ሙከራዎች፣ በእንግሊዝኛ በተዘጋጀ ሃንድአውት፣ ለፈተና ሲባል በሚሸመደድ ትርጓሜ ነው። የሚጠናው ነገር ግን አዲስ አበባን ከብበው ባሉት በእናንተ ከተሞች ሞልቷል። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የአካባቢው ገበሬ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ከመሃል ከተማ የቤት ኪራይ ገፍቶ ያወጣው ቤተሰብ፣ ከደቡብና ከሰሜን እንጀራ ፍለጋ የመጣው ባለሙያ ከአንድ ቧንቧ ውኃ ይቀዳሉ። ስለዚህ መጽሐፉን ይዤ ወደ ሰፈራችሁ እመጣለሁ። የሚገጥመውን እንቀበላለን፤ በማይገጥመው ላይ ደግሞ እንከራከራለን።

ከሱሉልታ ልጀምር። ከአዲሱ ገበያ ተሳፍሮ እንጦጦን የተሻገረ ሰው ጭጋጉ ሳይገለጥ በረድፍ የሚሮጡ ልጆችን ያያል። ይህ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ የሚገኝ ሜዳ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም ያሠራበት፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ከአጋሩ ጋር የያያን የአትሌቲክስ መንደር የከፈተበት ነው። ልጆቹ ብቻቸውን አይሮጡም። አንዱ ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን ይይዛል፣ ሌላው እግሩን ይከተላል፣ ቆይተው ይቀያየራሉ። ራሱም ሯጭ የሆነው አንትሮፖሎጂስት ማይክል ክሮሊ ከሯጮቻችን ጋር አብሮ እየሮጠ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ከተወያየባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። እዚህ ብቻውን የሚሮጥ ሰው እንደ ቁም ነገረኛ ሯጭ አይቆጠርም።

ከማኅበራዊ ሥነ ልቡና የመጀመሪያ ሙከራዎች አንዱ ተብሎ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚጠቀሰውም ስለ ውድድር መሆኑ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1898 ኖርማን ትሪፕሌት የተባለ አሜሪካዊ የብስክሌት ተወዳዳሪዎችን የሰዓት መዝገብ ሲያገላብጥ፣ ብቻቸውን ከሰዓት ጋር ከሚታገሉት ይልቅ ከሰው ጋር የሚጋልቡት እንደሚፈጥኑ አየ። ከዚያም 40 ሕፃናትን ሰብስቦ የዓሣ ማጥመጃ ክር ማጠንጠኛ እንዲያሽከረክሩ አደረገ። ከነርሱ ብዙዎቹ አጠገባቸው ሌላ ልጅ ሲኖር ፈጠኑ። ሁሉም ግን አይደሉም፤ ተደናግረው የዘገዩም ነበሩ። ያ «ሁሉም አይደሉም» ከ60 ዓመት በላይ ምሁራንን ሲያነታርክ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 ሮበርት ዛየንስ አንድ ማስታረቂያ አቀረበ። ሰው የለመደውን ሥራ ሲታይ ይበልጥ ያሳምረዋል፣ ያልለመደውን ሲታይ ያበላሸዋል። ለዓመታት ሜዳው ላይ የሮጠ እግር በቡድን መካከል ይበረታል። ገና እንግሊዝኛ አፉን ያልፈታለት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ግን ክፍል ሙሉ ሰው ፊት «አቅርብ» ሲባል የሚያውቀውም ይጠፋዋል። መምህሩም «አልተዘጋጀም» ብሎ ነጥብ ይቀንስበታል።

ሌላ ጎንም አለው። ማክስ ሪንግልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናት ሰዎችን ገመድ አስጎትቶ ነበር። ስምንት ሆነው ሲጎትቱ እያንዳንዱ ያወጣው ጉልበት ብቻውን ሲጎትት ከሚያወጣው ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ለሚል ሕዝብ ይህ ደስ የማይል ዜና ነው። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ቁልፉን አገኙት፤ የእያንዳንዱ ድካም ለብቻው ሲለካና ሲታወቅ መለገሙ በእጅጉ ይቀንሳል። የቡድን አሳይመንት ሲሰጥ አንድ ልጅ ሠርቶ አምስቱ ስማቸውን የሚያስጽፉት በዚህ ምክንያት ነው፤ እኛ መምህራንም የምናርመው ሽፋኑ ላይ የተደረደረውን ስም አይተን ስለሆነ ተባባሪዎች ነን።

እንግዲህ ደቦን አስቡት። በሱሉልታ ዙሪያ አጨዳ ሲደርስ ደቦ የወጣ ሰው ሲለግም አይታይም ይባላል። ለምን ይሆን? እያንዳንዱ የያዘው መስመር ለዓይን ስለሚታይ? ዘፈኑ ስለሚያጣድፍ? ወይስ ነገ ተራው የእኔ ማሳ ነው ብሎ ስለሚያስብ? ሦስቱም አሳማኝ ናቸው፣ ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ግን በወግ አይቻልም። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው አንድ የመኸር ወቅት፣ ሰዓትና ደብተር የያዘ አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ብቻ ነው። እኔ ብሆን መጽሐፉ ስለ ገመድ የሚለውን አምስተኛ ጊዜ ከሚገለብጥ ተማሪ ይልቅ ይህንን ላደረገው ከፍ ያለውን ነጥብ እሰጥ ነበር።

አሁን ወደ ሰበታ መንገድ እንዙር። ማታ አየር ጤና ላይ ዝናብ እየጣለ የሰበታ ታክሲ የሚጠብቅ ሰልፍ ውስጥ ቆማችሁ ታውቃላችሁ። ረዳቱ ታሪፍ ይጨምራል። አንዱ ሰልፍ ሰብሮ ይገባል። ተራ አስከባሪው ይጮሃል። አንዲት እናት ዕቃቸው ተበትኖ ሲለቅሙ ሰው በላያቸው ይራመዳል። ታክሲ ውስጥ ከገባን በኋላ ፍርዱ ቀላል ነው፤ «የዘንድሮ ሰው ጨካኝ ሆኗል»። የሌላውን ጥፋት በጠባዩ፣ የራሳችንን ጥፋት በችግራችን የማሳበብ ዝንባሌ አለን። ሊ ሮስ የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1977 የዚህን ዝንባሌ የመጀመሪያውን ክፍል፣ ማለትም የሰውን ድርጊት ስናይ ጠባዩን አግንነን ሁኔታውን መርሳታችንን፣ መሠረታዊ ስህተት ብሎ ሰይሞታል።

በዚህ ላይ ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ልብ የሚቀርበው የጆን ዳርሊና የዳንኤል ባትሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ። ሁለቱ ተመራማሪዎች በፕሪንስተን 40 የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ጠርተው አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ሌላ ሕንፃ ላኳቸው። ግማሾቹ የሚናገሩት በመንገድ ላይ የወደቀውን ስለረዳው ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። በመንገዳቸው ላይ ደግሞ አንድ ሰው አጎንብሶ ሲያቃስት እንዲገኝ ተደርጓል። አንዳንዶቹ «ጊዜ አለህ» ተብለዋል፣ አንዳንዶቹ «ቶሎ በል፣ ዘግይተሃል»። ጊዜ ካላቸው 63 በመቶው ቆመው ረዱ፤ እጅግ ከተቻኮሉት የረዱት 10 በመቶው ብቻ ናቸው። ስለ ሳምራዊው ሊናገር የሚሄደው ከሌላው ተለይቶ ይህ ነው የሚባል ብልጫ አላሳየም። እንዲያውም ለዚሁ ንግግር እየተጣደፈ የወደቀውን ሰው የተራመደው ነበር።

አየር ጤና የቆመው የሰበታ ተሳፋሪ ሁለት ታክሲ ቀይሮ ነው የመጣው። ቤት የሚጠብቀው ልጅ አለው፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ታክሲ እንደሚጠፋም ያውቃል። ያው ሰው እሑድ በዕድር ድንኳን ሥር ብታዩት እስከ ሌሊት ቆሞ እንግዳ ያስተናግዳል። ታዲያ የትኛው ነው እውነተኛው ሰውዬ? ማኅበራዊ ሥነ ልቡና ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው ይላል። የዘርፉ አባት ከሚባሉት አንዱ ኩርት ሌቪን የሰውን ድርጊት የሚወስኑት ሰውየውና ያለበት ሁኔታ በአንድነት ናቸው ሲል ያስተማረው ይህንን ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎቼ «ስለዚህ ጥፋተኛ የለም ማለት ነው?» ይሉኛል። አይደለም። ከተቻኮሉትም መካከል የቆሙ ነበሩ። ነገር ግን ሰልፉን ማሻሻል የምትፈልግ የከተማ አስተዳደር ሥነ ምግባር የሚሰብክ ባነር ከመስቀል ይልቅ ማታ ማታ አውቶቡስ ብትጨምር እንደሚሻላት የሚነግራት ትምህርት ይህ ነው።

ሌቪንን ካነሳሁ አይቀር፣ ይህን ዘርፍ ያቀኑት ሰዎች ከየት እንደመጡ ተማሪዎች ቢያውቁ እወዳለሁ። ሌቪን አይሁዳዊ ነበር፤ ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 እ.ኤ.አ. ከጀርመን ሸሸ። ሰለሞን አሽ ዋርሶ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ኒው ዮርክ የተሰደደ ነው። ሄንሪ ታጅፈል ፖላንዳዊ አይሁዳዊ ሲሆን ከጦር ምርኮ ሲመለስ ከቤተሰቡ አብዛኛው አልቆ ጠበቀው። ሙዛፈር ሸሪፍ ቱርካዊ ነው፤ የኦቶማን መንግሥት ሲፈርስ የነበረውን እልቂት በልጅነቱ አይቷል። «ጎረቤት ጎረቤቱን እንዴት ይጎዳል?» የሚለው ለነዚህ ሰዎች የፈተና ጥያቄ አልነበረም።

አሽ እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተመውን ሙከራ ሁሉም ተማሪ ይማረዋል። አንድ መስመር ይታያል፣ አጠገቡ ሦስት መስመሮች፤ ከሦስቱ የትኛው እኩል እንደሆነ መናገር ነው፣ ሕፃን የማይስተው ነገር። ነገር ግን ከአንዱ በስተቀር ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ከአሽ ጋር የተስማሙ ናቸው፤ እያወቁ አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ብቻውን የቀረው ሰው ከሦስቱ መልሱ በአንዱ ገደማ ከብዙኃኑ ጋር ተሳሳተ፤ ከተፈተኑት ሦስት አራተኛው ቢያንስ አንድ ጊዜ ተከትለዋል። አሽ ሙከራውን ሲለዋውጥ ያገኘው ግን ይበልጥ ይገርመኛል። እውነቱን የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ከጎኑ ሲኖር መከተሉ ወደ 5 በመቶ ገደማ ወረደ። መልሱን ጮክ ብሎ ከመናገር ይልቅ በወረቀት ሲጽፍም እንዲሁ በጣም ቀነሰ። ስለዚህ ብዙዎቹ ዓይናቸው አልተሳሳተም፤ የፈሩት ሰውን ነው።

የዕድር ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ለማመን አሜሪካ መሄድ አያስፈልገውም። ዳኛው መዋጮ እንዲጨመር ሐሳብ ያቀርባሉ። «የሚቃወም አለ?» ዝምታ። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» ከዚያ በር ላይ ጫማ ሲፈለግ «እኔስ አልተዋጠልኝም ነበር» የማይል የለም። ሁሉም ሌላው የተስማማ መስሎት ዝም አለ፤ የሁሉም ዝምታ ደግሞ ለሁሉም ማስረጃ ሆነ። ይህ በመጽሐፉ ውስጥ ስም ያለው ክስተት ነው፤ ዳንኤል ካትዝና ፍሎይድ ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1931 ጽፈውበታል። እኛ ዘንድ ይሉኝታ ሲጨመርበት፣ ተናጋሪው ሽማግሌ ሲሆን፣ ነገ ሐዘን ቢደርስብኝ ድንኳኑን የሚተክሉልኝ እነዚህ ናቸው የሚለው ሲታከል ምን ያህል ይበረታል? ከዚያ ደግሞ ተቃራኒውን ጠይቁ፤ ከስድስት ወር በፊት ቡራዩ የገባ፣ ዕድር የሌለው፣ ማንም ስሙን የማያውቀው ተከራይ ይሉኝታው የት ይደርሳል? እዚህ ላይ የኛ ተመራማሪ ለዓለም የሚነግረው አለው።

እንዲህ የምለው ለአገር ወዳድነት አይደለም፤ ሳይንሱ ራሱ ችግሩን አምኗል። እ.ኤ.አ. በ2010 ጆሴፍ ሄንሪክና ባልደረቦቹ ባወጡት ጽሑፍ፣ በታወቁ የሥነ ልቡና መጽሔቶች ላይ ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶው የዓለምን ሕዝብ 12 በመቶ ብቻ ከያዙ ባለጸጋ አገሮች እንደሆኑ አሳይተዋል፤ አብዛኞቹ ደግሞ ለኮርስ ነጥብ ሲሉ ላቦራቶሪ የገቡ ተማሪዎች ናቸው። የአሽን ዓይነት ሙከራዎች ከ17 አገሮች ሰብስቦ ያነጻጸረ የ1996 እ.ኤ.አ. ጥናትም በጋራ ኑሮ በሚያምኑ ማኅበረሰቦች መከተሉ ከፍ እንደሚል አግኝቷል። በዚህ ላይ በ2015 እ.ኤ.አ. መቶ የሥነ ልቡና ጥናቶች እንደገና ሲሞከሩ በአጥጋቢ ሁኔታ የተደገሙት ከአራት አሥረኛ ያነሱ ነበሩ። በየሃንድአውቱ ያለው የኒው ዮርኳ ኪቲ ጄኖቪዝ ታሪክ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 38 ጎረቤት እያየ ተገደለች የሚለው፣ ጋዜጣው አጋንኖ የጻፈው መሆኑ ከተረጋገጠ ቆይቷል። እኛ ግን እስከ ዛሬ በፈተና ላይ «ስንት ጎረቤት?» ብለን እንጠይቃለን።

የኛ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጭር ነው። የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሆን፣ ሥነ ልቡና ለረጅም ዘመን ከመምህራን ትምህርት ጋር ተቆራኝቶ ነው የኖረው። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማኅበራዊ ሥነ ልቡና ሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣል፤ ለዚህም እንደ ፕሮፌሰር ሀብታሙ ወንድሙ ያሉ ምሁራን ለአሥርት ዓመታት ደክመዋል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ሲመለስ ጠቅላላ ሥነ ልቡና ለሁሉም ተማሪ ሆነ፤ መሐንዲሱም ሐኪሙም ይቀምሰዋል። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና መጣ። ፈተናው መጥፎ ነው አልልም፣ ግን ተማሪው ምርጫ ማጥቆርን እንጂ ሰፈር ወርዶ መመልከትን አያስለምድም።

ስለ ቡራዩ መናገር ይከብዳል፤ ትቼው ባልፍ ግን ይህን ትምህርት አውቃለሁ ማለት አልችልም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢዋ በደረሰው ጥቃት ብዙ ሰው ሞቷል፣ ሺዎች ተፈናቅለው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተጠልለዋል። ከተጎጂዎቹ መካከል ብዙዎቹ የጋሞና የሌሎች የደቡብ አካባቢ ተወላጆች ነበሩ፤ ሽመና የሚሠሩ ቤተሰቦችም ነበሩባቸው። ጉዳዩ የፖሊስ፣ የፍርድ ቤትና የፖለቲካ ጉዳይ ነው፤ የሥነ ልቡና መምህር ሁሉን አውቃለሁ ካለ አትመኑት። የኛ ድርሻ ግን አለ።

አንደኛው ወሬ ነው። ጎርደን ኦልፖርትና ሊዮ ፖስትማን እ.ኤ.አ. በ1947 እንዳሉት ወሬ የሚበረታው ነገሩ ለሰው እጅግ ሲያሳስበውና እርግጡ ሲደበዝዝበት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ከጠፋ ወሬው ይሞታል። በ2015 ዓ.ም. እነዚህ ከተሞች ተጠቃልለው ሸገር ከተማ ሲመሠረት፣ ቤት ማፍረስም ሲከተል በየሰፈሩ የነበረውን አስታውሱ። «የእኛ መስመር ይፈርሳል?» ከማለት የበለጠ የሚያሳስብ ምን አለ? ከዚያ የበለጠ ያልጠራስ? ያን ጊዜ ወሬኛን ከመውቀስ፣ የሚፈርሰውንና የማይፈርሰውን ለይቶ በየወረዳው ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይቀል ነበር።

ሁለተኛው መቀራረብ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንላለን። ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ባለትዳር ተማሪዎች በሚኖሩበት ሕንፃ ሲጠይቁ ነዋሪዎቹ የቀጥታ ጎረቤታቸውን ወዳጅ ያሉት 41 በመቶ፣ በዚያው ፎቅ ዳር ለዳር ያለውን ግን 10 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ደረጃና ፖስታ ሣጥን አጠገብ የሚኖር ወዳጁ ይበዛል። በእኛ ኪራይ ግቢ ያንን የሚተካው የጋራው ቧንቧ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የታተመው የሞርተን ዶይችና የሜሪ ኤቫንስ ኮሊንስ ጥናት ደግሞ ጥቁርና ነጭ በአንድ ሕንፃ ተደባልቀው የሚኖሩበትን የኒው ዮርክ መኖሪያ፣ በየሕንፃው ተለይተው ከሚኖሩበት ከኒውአርክ ጋር አነጻጸረ፤ ተደባልቀው የሚኖሩት ነጭ የቤት እመቤቶች ለጥቁር ጎረቤቶቻቸው ያላቸው አመለካከት በእጅጉ የተሻለ ነበር።

ቢሆንም በቡራዩም ሰው ተደባልቆ ይኖር ነበር፤ ቡና ይጠራራ ነበር። ለዚህ ነው ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 በጻፈው ዝነኛ መጽሐፍ መቀራረብ እንዲሁ አይበቃም ያለው። ሰዎቹ እኩል ሆነው መገናኘት አለባቸው፣ የጋራ ግብ ያስፈልጋቸዋል፣ እሱንም በመተባበር ሊደርሱበት ይገባል፣ ከላይም ሕግና ባለሥልጣን «ይህ ትክክል ነው» ብሎ ሊደግፋቸው ይገባል። በኔ ግምት በኛ ከተሞች የሚጎድለው የመጨረሻው ነው። ዕድሩ፣ ቧንቧውና ቡናው የመጀመሪያዎቹን ከሞላ ጎደል ያሟላሉ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠብቅለት ተቋም ግን ቡና ጠጪዎቹ ሊፈጥሩት አይችሉም።

የቡራዩ ጥቃት በደረሰበት በዚያው ወር ሌላ ታሪክ አርባ ምንጭ ላይ ተፈጽሟል። የቡራዩውን ሰምተው ለበቀል የወጡ ወጣቶችን የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው ለመኗቸው፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ተአምር ይተርከዋል። እኔ ተአምር ከማለት ይልቅ እንዴት እንደሠራ ባውቅ እመርጣለሁ። የተቆጣ ሕዝብ መካከል ያለ ወጣት በዚያች ሰዓት የሚያየው አንድ ዓይነት መልስ ብቻ ነው፤ በአሽ ክፍል ውስጥ እንዳለው ሰው። ሣሩ የሁሉም የሆነውን ሌላ ሕግ ፊቱ አቆመለት፤ በልቡ መመለስ የሚፈልገውም ፈሪ ሳይባል የሚመለስበት ምክንያት አገኘ። ይህ ግምቴ ነው። ግምቱን የሚፈትን ተማሪ አርባ ምንጭ ሄዶ ያን ቀን የወጡትን ልጆች መጠየቅ አለበት፤ ሽማግሌዎቹን ብቻ አይደለም።

ሰበታን በታክሲ ሰልፍ ብቻ ማንሳት ደግሞ ግፍ ነው። የመርሐ እውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት፤ ነጭ በትር የያዘ ተማሪ በገበያ መካከል ሲያልፍ ማየት ለሰበታ ልጅ ብርቅ አይደለም። ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ የቆየ ጥናት ላንሳ። ሪቻርድ ላፒየር የተባለ ሶሺዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው ጽሑፍ እንደተረከው፣ ከቻይናውያን ባልና ሚስት ጋር አሜሪካን ዞሮ 251 ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ገባ፤ አልቀበልም ያላቸው አንድ ብቻ ነው። በኋላ በደብዳቤ «ቻይናዊ ትቀበላላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ከመለሱት ከ90 በመቶ በላዩ «አንቀበልም» አሉ። አንደበትና እጅ ተለያዩ። በኛ አገር ተቃራኒው ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ፤ «ዓይነ ስውር ተከራይ ትቀበላለህ?» ቢባል «እንዴታ፣ እግዜር የፈጠረው ሰው አይደል!» የማይል የለም። በር ሲያንኳኳ የሚሆነው ግን መታየት አለበት። የሰበታ አከራይ ከሱሉልታው ይለይ ይሆን? ይህን ከማንም በተሻለ የሚያጠኑት ከዚያው ትምህርት ቤት ወጥተው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች ናቸው።

ስለ አጠናን ጥቂት ልበል፤ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ መጠይቅ ይዞ የሚዞር ተማሪ «በጣም እስማማለሁ» የሚል መልስ ብቻ ይዞ ይመለሳል፤ እንግዳን መቃወም ነውር ነዋ። በተለይ በነዚህ ከተሞች ወረቀት ይዞ በር ያንኳኳ ሁሉ መሬት ሊለካ የመጣ ይመስላል። ቋንቋውም ከባድ ነው። በእስራኤል አረብኛና ዕብራይስጥ በሚናገሩ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት አንድ ሰው ለሌላው ወገን የሚያሳየው ስሜት በተጠየቀበት ቋንቋ እንደሚለወጥ አሳይቷል። ቡራዩ ላይ በአማርኛ ብቻ ወይም በአፋን ኦሮሞ ብቻ የተሠራ ጥናት ስለዚህ ግማሽ ነው። በሁለቱም ጠይቁ፣ ልዩነቱን ራሱን ግኝት አድርጉት። ከሁሉ በፊት ደግሞ ፈቃድ። ስታንሊ ሚልግራም እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ሙከራ ከ40 ሰዎች 26ቱ ታዘው ሰው ላይ እስከ 450 ቮልት የላኩ መስሏቸው ነበር፤ ውጤቱ ዓለምን አስደነገጠ፣ በነዚያ ሰዎች ላይ የተሠራው ማታለል ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሐዘን የደረሰበትን የቡራዩ ቤተሰብ ለመመረቂያ ጽሑፍ ብሎ ቁስሉን የሚነካ ተማሪ ቢኖር የምናቆመው እኛ አማካሪዎቹ ነን።

ወላጆች የጠየቃችሁትን አልረሳሁም። ሥራው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «የማኅበራዊ ሥነ ልቡና ባለሙያ» ተብሎ አይወጣም። የሚገኘው በሰው ኃይል አስተዳደር፣ በትምህርት ቤት ምክር አገልግሎት፣ በጤና ግንዛቤ ሥራ፣ በተፈናቃዮች ድጋፍ፣ በጥናትና ምርምር ነው። ደመወዙ ሐኪም አያስንቅም። በዓለም ገናና በሰበታ ያሉት የጨርቃጨርቅ ፋብሪካዎች ግን ሠራተኛ ለምን ቶሎ እንደሚለቅባቸው የሚነግራቸው ሰው ይፈልጋሉ። የሌቪን ተከታዮች ሌስተር ኮችና ጆን ፍሬንች እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተሙት ጥናት በቨርጂኒያ የፒጃማ ፋብሪካ ያገኙት፣ ሠራተኞች በለውጡ ውሳኔ ሲሳተፉ አዲሱን አሠራር ቶሎ እንደሚለምዱና እንደማይለቁ ነው። ልጃችሁ ይህን ይዞ የፋብሪካውን በር ቢያንኳኳ የሚሰማው ሥራ አስኪያጅ አያጣም።

ጊዜዬ አልቋል፤ ቀሪው የጥያቄ ነው። እጅ እንድታወጡ ግን አልጠይቅም። ከፊት የተቀመጡት አባቶች አስተያየት ከሰጡ በኋላ ከኋላ ያሉት ልጆች ምን እንደሚሉ ከወዲሁ አውቃለሁ። ቁራጭ ወረቀት ይታደላችኋል፣ በፈለጋችሁት ቋንቋ ጻፉ፣ ስም አትጻፉ። ከተናገርኩት የማትስማሙበት ካለ ከዚያ ጀምሩ፤ መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው።